የጎማው ልክና የአባት ተግሣጽ

በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ጎማ የሚናገር ጽሑፍ ስታገኙ፥ «ይህስ የጋራዥ ወሬ እንጂ የክርስቲያን ቤተ ሰብ ጉዳይ ነውን?» ብላችሁ ሳትደነቁ አትቀሩም። እኛም ቀድሞ ቢሆን እንዲሁ ባልን ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ በብዙ ሰው ደጃፍ አንዲት ትንሽ መኪና ቆማ ትታያለች፤ በእርስዋም ላይ እናት፥ አባትና ሕፃናት ተሳፍረው ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ገበያና ወደ ዘመድ ቤት ይሄዳሉ። የቤተ ሰብ ነፍስ የሚሳፈርበት ነገር ሁሉ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በቤታችን የደረሰውን ነገር፥ የራሳችንንም ጥፋት ሳንሸሽግ፥ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው በአርባ ምንጭ ከተማ ነው። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው በሥሯ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ሲሆን፥ አባያና ጫሞ የተባሉት ሁለቱ ሐይቆች ከፊቷ ተዘርግተዋል፤ ከኋላዋም የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከመምህርነት ደመወዛችን ለብዙ ዓመታት ስንቈጥብ ቈይተን፥ ቶዮታ ቪትዝ የምትባለውን ትንሽ መኪና ያገለገለችውን ገዛን። እንደ ዐቅሟ ያለ ነቀፋ ታገለግለን ነበር።

የበኵር ልጃችን በ2014 ዓ.ም. 19 ዓመት ሆኖት ነበር። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ባጃጅ በሚጠገንበት ቤት ይሠራ ነበርና፥ ስለ ተሽከርካሪ የሚያውቀው ከእኛ ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን ማታ ከእራት በኋላ፥ «አባባ፥ የቪትዟን ጎማና ቸርኬ በሰፊ ብንለውጠው ምን ይመስልዎታል? መልኳ ያምራል፤ መንገድም አጥብቃ ትይዛለች» አለን።

እኛ በልጅነታችን ዜማ ተምረን ድቁና የተቀበልን፥ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ነንና፥ የተግሣጽ ቃል አይቸግረንም። «ልጄ፥ መኪና የተሠራው ሊያደርስ እንጂ ሊታይ አይደለም፤ ጌጥን የሚያሳድድ ሰው ትዕቢትን ሳያውቀው ወደ ቤቱ ያስገባል» ብለን ጀመርንና፥ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ስለ ከንቱ ውዳሴ ተናገርን። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የተናገርነው ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የትኛውን ጎማ ሊገዛ እንዳሰበ፥ ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ከመኪናዋ አካል ጋራ ይስማማ እንደ ሆነና እንዳልሆነ አንዲት ቃል እንኳ አልጠየቅነውም። አትሥራ አልነው እንጂ ለምን እንደማይሠራ አልነገርነውም፤ እኛም ራሳችን አናውቀውም ነበርና።

በዚያው ዓመት በክረምቱ ለመምህራን ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደን ጥቂት ሳምንታት ቈየን። ስንመለስ መኪናዪቱ በደጃፍ ቆማ ነበር፤ ዳሩ ግን ያቺ የምናውቃት አልነበረችም። ቸርኬዎቿ እንደ መስተዋት ያበራሉ፤ ጎማዎቿም ሰፍተው ከፓራፋንጎው ወደ ውጭ ሁለት ጣት ያህል ብቅ ብለዋል። እግሮቿን አንፈራጥጣ የቆመች ወይፈን ትመስል ነበር። ልጃችን ከራሱ ደመወዝ አጠራቅሞ ያገለገሉ ቸርኬዎችን ከነጎማቸው ገዝቶ፥ ከጓደኞቹ ጋራ ገጥሞአቸዋል።

ልንቈጣ አፋችንን ከፈትን። በዚህ ጊዜ አንድ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ ብሎ፥ «መምህር፥ እንኳን ደኅና ገቡ! መኪናዎ ጐለመሰች እኮ!» አለን። እውነቱን መናገር ይገባልና፥ በዚያ ቃል ልባችን ደስ አለው። ስለ ከንቱ ውዳሴ ለልጃችን ያን ያህል ያስተማርን እኛ፥ ውዳሴው ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ተግሣጻችንን ዋጥነው። ከዚያ ቀን ጀምሮም በየሄድንበት ሰው ዞር ብሎ ሲያያት፥ እኛም እንዳላየን ሆነን እናይ ነበር።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የአጎታችን ተዝካር በጨንቻ ነበረ። ጨንቻ ቀድሞ የጋሙ ጎፋ ዋና ከተማ ሳለች፥ በ1950ዎቹ ዓመታት ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ መውረዱን ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳልና፥ ዳገቱና ጠመዝማዛው ብዙ ነው። መሪውን ልጃችን ያዘ፤ እኛ ከጎኑ ተቀመጥን፤ ከኋላ እናታችን፥ ባለቤታችንና ትንሿ ልጃችን ነበሩ።

ስንወጣ በጠመዝማዛው ላይ መሪው እስከ መጨረሻው በዞረ ቍጥር፥ ከፊት ጎማው በኩል እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ምንድን ነው?» ብንለው፥ «ገና አዲስ ስለ ሆነ ነው አባባ፤ ሲለማመድ ይተዋል» አለን። እኛም አመንን። ጎማ ከብረት ጋራ የሚለማመደው ከሁለቱ አንዱ እስኪያልቅ ድረስ መሆኑን አላሰብንም።

በማግሥቱ ተዝካሩ ከተፈጸመ በኋላ ስንመለስ፥ ዘመዶቻችን አንድ ጆንያ ድንችና አንድ ቅርጫት የጨንቻ አፕል ከኋላ ጫኑልን። ቍልቍለቱን ይዘን ስንወርድ፥ መንገዱ ጐድጐድ ባለበት ሁሉ የመኪናዋ ጀርባ ይቀመጥና ከኋላ በኩል ይፋተግ ነበር። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ፤ እኛ የፍሬን ሽታ ነው ብለን፥ «ቀስ በል፥ ፍሬኑን አሳርፈው» አልነው። እንግዲህ አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ፥ የኋላው ቀኝ ጎማ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። መኪናዪቱ ጀርባዋን ወረወረች። ልጃችን መሪውን አጥብቆ ይዞ፥ በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ወዳለው ቦይ ገባችና ቆመች። ትንሿ ልጃችን ግንባሯ ከፊት ወንበር ጋራ ተጋጭቶ ዐበጠ እንጂ፥ ከዚህ በቀር በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ወጥተን በመንገዱ ዳር ቆምን። ከበታቻችን አባያ ቀላ ብሎ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። አፕሎቹ በአስፋልቱ ላይ ተበትነው ወደ ታች ሲንከባለሉ፥ እናታችን ነጠላዋን አጥብቃ የእመቤታችንን ስም ትጠራ ነበር። የፈነዳውን ጎማ ጐንበስ ብለን ብንመለከተው፥ ትከሻው በፓራፋንጎው ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ቢላዋ ሥራ ተቈርጦ ነበር። ልጃችን ክሪኩን አውጥቶ የቀድሞዋን ትንሽ ጎማ ከስኮርታው ቦታ አንሥቶ ሲገጥም፥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም የተናገርነው ቃል አልነበረም።

ማታ እቤት ከደረስን በኋላ ግን ቍጣችን ተነሣ። «ነግሬህ አልነበረምን? ትዕቢት ውድቀትን እንደሚያመጣ አላስተማርሁህምን?» ብለን ስንጀምር፥ እናታችን ከተቀመጠችበት፥ «ቈይ አንተ ልጅ፤ ጎማው እንደሚነካ ነግረኸው ነበር?» አለችን። አልነገርነውም። «ሲፋተግ አብረህ ሰምተህ አልነበረም?» አለችን። ሰምተን ነበር። «እንግዲያውስ አብራችሁ ተማሩ» ብላ ወደ ጸሎቷ ተመለሰች።

በሁለተኛው ቀን ከልጃችን ጋራ ወደ አንድ አረጋዊ ጎሚስታ ሄድን። ዕድሜውን በጎማ ሥራ የጨረሰ፥ ቀለም ብዙ ያልተማረ፥ እጁ ግን የተማረ ሰው ነው። መኪናዪቱን ዙሪያዋን ከተመለከተ በኋላ፥ «መምህር፥ ጎማ ማንበብ ያውቃሉ?» አለን። ዘመናችንን ማንበብ ስናስተምር የኖርን ሰዎች ሳለን፥ ጎማ አንብበን አናውቅም ነበር።

የቀድሞውን ጎማ ጕንጭ በጨርቅ ወልውሎ 175/65 አር 14 የሚለውን ጽሑፍ አሳየን። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጕንጩ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል። አር የምትለው ፊደል የውስጥ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ የተዘረጉ መሆናቸውን ታመለክታለች። 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ልጃችን የገጠመው ደግሞ 195/60 አር 15 ነበር። እኛም ብዕር አውጥተን ከልጃችን ጋራ አሰላነው፤ የቀድሞው ጎማ ከላይ እስከ ታች 583 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አዲሱ 615 ነው። ልዩነቱ 32 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የዚህ እኩሌታ፥ ይኸውም 16 ሚሊ ሜትር፥ ጎማውን ወደ ፓራፋንጎው ያቀርበዋል።

«ይህ ቁመቱ ነው፤ አሁን ደግሞ ስፋቱን ተመልከቱ» አለን ጎሚስታው። የቀድሞው ቸርኬ ስፋት 5 ተኩል ኢንች፥ የአዲሱ 7 ኢንች ነው። ብልጫው 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ለሁለት ሲከፈል ወደ ውጭ 19፥ ወደ ውስጥም 19 ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ቸርኬው ከመኪናዋ ጋራ የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ሌላ ቍጥር አለ፤ ባለሙያዎች ኦፍሴት ይሉታል። ይህ ቍጥር ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የቀድሞው 45፥ የአዲሱ 35 ነበረ። ስለዚህ በ19ኙ ላይ 10 ተጨምሮ፥ የቸርኬው ጠርዝ 29 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶአል ማለት ነው። በደጃፋችን ያየነው ያ ሁለት ጣት የሚያህል ብቅታ ይህ ነው።

ልጃችንም በዝግታ፥ «ጋሼ፥ በገጠምነው ቀን ግን አይነካም ነበር እኮ» አለ። ሽማግሌውም ፈገግ ብሎ፥ «ልጄ፥ መኪናዋ ያን ጊዜ ባዶ ነበረች፤ ቀጥ ብላም ቆማ ነበር። ሰው ሲሳፈር፥ ዕቃ ሲጫን ሞላው ይቀመጣል፤ ፓራፋንጎውም በጎማው ላይ ይወርዳል። ልክ የሚለካው በሸክም ነው» አለው።

ሌላም ነገር አሳየን። የቸርኬዎቹ ቡሎን ቀዳዳዎች አራት ሆነው ከቪትዟ ጋራ ቢስማሙም፥ የመካከሉ ቀዳዳ ግን ሰፊ ነበረ። የቪትዝ እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚገባ ቀለበት ስላልተደረገበት ቸርኬው በትክክል መካከሉን አልያዘም፤ በፍጥነትም ጊዜ መሪው የሚንቀጠቀጠው ስለዚሁ ነበር። ጓደኞቹ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ እንዲያጥፈው መክረውት እንደ ነበር ልጃችን ሲናገር፥ ጎሚስታው እንዲህ አለ፤ «ጥቂት ሲጐድል ይደረጋል፤ ነገር ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል፥ ዝገትም ይገባበታል። የበዛውን ጎማ ግን መዶሻ አያሳንሰውም።»

አንባብያን ሆይ፥ ሰፊ ጎማ ክፉ ነገር ነው ልንላችሁ አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ አጥብቆ ይይዛል፤ ልጃችን የተናገረው ይህን ያህል እውነት ነበረው። ነገር ግን በዝናብ ጊዜ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ሰፊው ጎማ ከጠባቡ ይልቅ ፈጥኖ በውሃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ከበድ ስለሚልም ነዳጅ ይጨምራል፤ ወደ ውጭ በወጣ ቍጥር ኩሽኔታውን ይጐዳል። ጕንጩ አጭር የሆነ ጎማ ደግሞ ጕድጓድ ሲያገኝ ድንጋጤውን ለቸርኬው ያስተላልፋልና፥ በእኛ አገር መንገድ ላይ ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል።

በዚያ በጎማው ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ በንባብ የምናውቀው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። በአየር የሚነፋ ጎማ በመጀመሪያ የታሰበው በ1840ዎቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሮበርት ቶምሰን በተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ነገር ግን በሰፊው ሳይሠራበት ቀረ። በ1888 ግን በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ ትንሹ ልጁ በሦስት እግር ብስክሌቱ በድንጋይ መንገድ ላይ ሲሄድ እንደሚንገጫገጭ ተመልክቶ፥ የላስቲክ ቧንቧ በአየር ነፍቶ በመንኰራኵሩ ላይ ጠመጠመለት። ዛሬ ዓለም የሚሄድበት ጎማ እንግዲህ የተስፋፋው፥ አንድ አባት የልጁን ችግር ጐንበስ ብሎ ስላየ ነው። እኛ ግን ልጃችን ስለ ጎማ በጠየቀን ጊዜ ጐንበስ ብለን አላየንም፤ ከመንበራችን ሆነን ሰበክን እንጂ።

ከዚያም ከልጃችን ጋራ መከርን። እርሱ ጥቂት ሰፋ ያለ ጎማ መውደዱ አልቀረም፤ እኛም ከእንግዲህ በጭፍን አንከለክለውም ነበር። ጎሚስታው በቀድሞዎቹ ባለ 14 ኢንች ቸርኬዎች ላይ 185/60 አር 14 እንዲገባ መከረን። ስናሰላው ዲያሜትሩ 578 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ፤ ከቀድሞው የሚያንሰው አንድ በመቶ እንኳ በማይሞላ ነው። ስፋቱም የሚጨምረው 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በያንዳንዱ ጎን 5 ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስት ሰፋፊ ጎማዎች አንድ የቶዮታ ኮሮላ ባለቤት ገዛቸው፤ መጠኑ ለእርሱ መኪና የታዘዘው ነበርና። ለእኛ የጥፋት ምክንያት የሆነው ጎማ፥ በልኩ ቦታ ሲገባ ያለ ነቀፋ ያገለግላል።

አዲሶቹ ጎማዎች በገቡ ጊዜ፥ ጎሚስታው ሳይነግረን እኛው ፈተናቸው። ከመምህር ኪስ ጠመኔ አይጠፋምና፥ አውጥተን የየጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ቀባነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ በመኪናዋ ላይ ተሳፈረ፤ ከኋላም ጆንያ ተጫነ። ልጃችን መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፥ ደግሞም ወደ ግራ እያዞረ፥ ጐድጐድ ባለ መንገድ ላይ በዝግታ ነዳት። ከዚያ ወርደን በፓራፋንጎው ውስጥና በሞላው በኩል የጠመኔ ምልክት ፈለግን፤ አላገኘንም። ልጃችን ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ፥ ጕልበቱን እያራገፈ፥ «አባባ፥ በፊትም እንዲህ ለክተን ቢሆን ኖሮ» አለን። እኛም፥ «አዎን ልጄ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አልነው። ልጃችንን ይቅርታ የጠየቅነው በዚያን ቀን የመጀመሪያችን ነበረ።

ይህንኑ ሒሳብ በክፍላችን ለተማሪዎቻችን አቀረብንላቸው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አብልጦ እንደሚሄድ፥ ስለዚህም የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል መኪናዋ በእውነቱ ወደ 63 እንደምትሮጥ ባገኙ ጊዜ፥ የመቶኛ ትምህርት ያን ያህል ሲወደድ አይተን አናውቅም።

በጨንቻ መንገድ ላይ የዶርዜ ሸማኔዎች አገር አለ። ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላልና፥ የሸማው ስፋት በእጁ መድረሻ ልክ ነው። ሰፊ ጋቢ በተፈለገ ጊዜ እጁን ከልኩ በላይ አይዘረጋም፤ ሁለቱን ሸማ ጎን ለጎን ገጥሞ ይሰፋዋል እንጂ። ጋቢውም ሰፊ ይሆናል፤ ሸማኔውም አይጐዳም። ሰፊ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ የሚሰፋበትን መንገድ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወላጆች፥ ልጃችሁ የመኪናችሁን ጎማ ላስፋ ቢላችሁ፥ አስቀድማችሁ ከእርሱ ጋራ ጐንበስ በሉና ቍጥሩን አንብቡ። የቁመቱን፥ የስፋቱን፥ የኦፍሴቱንና የእምብርቱን ልክ ዕወቁ። የመኪናዋ ሠሪ የፈቀደው መጠን በብዙ መኪና ላይ በሾፌሩ በር ጠርዝ ተጽፎ ይገኛልና፥ እርሱን ተመልከቱ። በባዶዋ ሳይሆን ቤተ ሰቡን አሳፍራችሁ ሞክሩ። የሚፋተግ ድምፅ ከሰማችሁም «ይለማመዳል» አትበሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት ልጆችን ብቻ ሳይሆን አባቶችንም መምከሩ በከንቱ አይደለም። እኛ በማኅበረ ምእመናን ፊት ስንት ጊዜ ያነበብነውን ያን ምክር፥ በጨንቻ ቍልቍለት ላይ የተበተነውን አፕል ስንለቅም ተረዳነው። ልጃችን ዛሬ የራሱን ሥራ ይዞ ይኖራል፤ በጎማ ጉዳይ የሚያማክሩት ጓደኞቹ ሲመጡም አስቀድሞ የሚሰጣቸው ሜትርና ጠመኔ ነው።

በመንገድ ያሉትን ሁሉ በደኅና ወደየቤታቸው እንዲያገባልን፥ እኛንም የልጆቻችንን ጥያቄ በትዕግሥት እንድንሰማ እንዲያደርገን የልዑል እግዚአብሔር ፈቃዱ ይሁን። አሜን።